አንድ በቆብ፣ ሰባት በመቀነት

የፈረንጅ ሰዓት አንድ ሲል የእኛ ሰባት ይላል። ስለዚህ አንድንና ሰባትን ማምታታት ለእኛ ለሐበሾች ብርቅ አይደለም፤ በዚሁ ጦስ ስንት ቀጠሮ ተበላሽቷል። እንግሊዞች ግን ይሄ ችግር የለባቸውም። አንድ አንድ ነው፣ ሰባትም ሰባት። ዊልፍሬድ ታፕሊን የተባለው ወጣት የመንግሥት ጸሐፊም፣ በፈረንጆች 1942 ብርዱ ሊወጣ ሲል ከለንደኑ ፓርላማ ጀርባ ወዳለች አንዲት ሻይ ቤት ገብቶ ምሳ እስካዘዘበት ቀን ድረስ፣ እንደዚያው ያምን ነበር።

ሻይ ቤቷ የጣልያን ቤት ናት። ጣልያን ከሂትለር ጋር ሆና ጦርነቱ ውስጥ የገባች ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ መስተዋቷን አረገፈው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጥተው ባለቤቱን ኤርኔስቶ ካርፓኒኒን ይዘውት ሄዱ። በሩ ላይ የነበረው ስም በአረንጓዴ ቀለም ተሸፍኖ «የወንዝ ዳር ሻይ ቤት» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዙት ሚስቱ ዶሚኒካና የሃያ አንድ ዓመት ልጁ ኔላ ናቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ስለሚጨናነቅ ኔላ የጠረጴዛ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፈች ለደንበኛው ትሰጣለች። ዊልፍሬድም ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ኔላ ሻይና ባቄላ የፈሰሰበት ጥብስ ዳቦ ይዛ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ ብትመጣ ሰው የለም። ዞር ብትል ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ወፋፍራም ሴቶች መሀል ተጣብቆ፣ መነጽሩ በሾርባቸው እንፋሎት ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ቦታ አንድ ቁጥር ነው እኮ!»

«ሰባት ነው የሚለው» አለ ወረቀቱን እያሳያት።

«አንድ ነው።»

«ይቅርታ፣ ግን ቆብ አለው። አንድ ቆብ አያደርግም።»

«አንድ ቆብ ያደርጋል» አለች ኔላ። «ሰባት ደግሞ መቀነት ይታጠቃል፤ ወገቡ ላይ እንዲህ ይሰመራል። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚህ ነው።»

አባቴ የሚለው ቃል ካፏ ሲወጣ ፊቷ ተለዋወጠ። ዊልፍሬድ ያንን አየ። ሰሃኑን በገዛ እጁ ተሸክሞ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ ሄደ፣ ሁለቱ ሴቶችም ተሳሳቁበት።

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ልጁ መልከ መልካም የሚባል ዓይነት አይደለም። አንድ ዐይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ስለሆነ ጦሩ ሦስት ጊዜ መልሶታል፤ የቀኝ እጁ መካከለኛ ጣት ሁልጊዜ ቀለም አለበት። ነገር ግን ስኳር በነፍስ ወከፍ በሚታደልበት በዚያ ዘመን የራሱን ድርሻ በወረቀት ጠቅልሎ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ የቤቱን ስኳር ላለመንካት። ግማሹን ብቻ ይጨምርና የቀረውን ሳህኑ ሥር ትቶት ይሄዳል። ኔላ መጀመሪያ የረሳው መስሏት ነበር።

አንድ ነገር ግን አላማራትም። አባቷ የት እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። በዚያ ጊዜ ጣልያን ቤት ገብቶ ባለቤቱ የት ሄደ ሳይል የሚወጣ ሰው ወይ ጨዋ ነው፣ ወይ ያውቃል። ኔላ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጨዋ የሚባለውን ሰው ማመን ትታለች።

አባቷ የታሰረበት ደሴት ስሙ «ማን» ይባላል። በእኛ ቋንቋ ጥያቄ ይመስላል፤ ለኔላም በዚያ ሰሞን ጥያቄ ነበር። ማን ጠቆመበት? ማንስ ይለቀዋል? ፍርድ ቤት አልቀረበም። በጦርነቱ ምክንያት በወጣው ደንብ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከፈረመ ሰው ይታሰራል። ከዚያ አንድ የሽማግሌዎች ኮሚቴ እስረኛውን ይሰማና ይለቀቅ ወይም ይቆይ ብሎ ይመክራል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሚኒስትሩ ነው። ፓርላማው ይህን ያህል ሥልጣን ሲሰጠው አንዲት ገመድ አስሮበታል። በየወሩ ስንት ሰው እንዳሰረ፣ ስንት እንደለቀቀ፣ ኮሚቴው ልቀቅ ብሎት ስንቱን አለቅም እንዳለ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ።

ያቺን ባለ አንድ ገጽ ወረቀት በየወሩ ተሻምቶ የሚያነባት የለም። ኔላ ግን ታነባለች። በወጣች ቀን አምጥታ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ውስጠኛው ላይ በመርፌ ትሰካታለች፣ ደንበኛ እንዳያያት።

ኤርኔስቶ ኮሚቴው ፊት የቀረበው በየካቲት ነበር። ከዚያ በኋላ የጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሽማግሌዎቹ በደንብ ሰሙኝ። አንደኛው ሲጨርስ እጄን ጨበጠኝ። ብቻ ደጋግመው ስለ ሠላሳ ሰባት ይጠይቁኛል። በሠላሳ ሰባት ምን እንዳደረግሁ እኔም አላውቅ።»

ይህቺ ሠላሳ ሰባት፣ በፈረንጆች 1937 ማለት ናት፣ ኔላን እንደ እሾህ ወጋቻት። አባቷ በወጣትነቱ የለንደን ጣልያኖች ክበብ አባል ነበር፤ ልጁን በበጋ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወስዱለታል ብሎ። ክበቡን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሲይዙት በሠላሳ አንድ ወጣሁ ይላል። እስከ ሠላሳ ሰባት ቆይቶ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የለንደን ጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጦርነቱ ሰጥተዋል። ቦምቡና መርዙ የወረደው እኛ ላይ ነውና እዚህ ላይ የተራኪው ፊት ቢጠቁር አይፈረድበትም። የእናቷም ጣት ባዶ የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ዶሚኒካ «ሰሃን ሳጥብ ቱቦ ውስጥ ገባብኝ» ብላ ነበር። ኔላ ያኔ አምናት ነበር፤ አሁን የእናቷን ጣት ሰርቃ ባየች ቁጥር ትጠራጠራለች።

በግንቦት አንድ ቀን ዊልፍሬድ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ፣ አልጠጣውም። መሐረቡን ሲያወጣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ ወደቀ። ኔላ አንሥታ ልትሰጠው ስትል ዐይኗ አረፈበት። ያቺው ወርኃዊ ወረቀት ናት። ግን ገና አልወጣችም። ዳርና ዳሯ በእርሳስ ታርሟል፣ አናቷ ላይ የነገው ቀን ተጽፏል። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሚኒስትሩ የኮሚቴውን ምክር ያልተቀበለበት በሚለው አንጻር፣ አንዲት ቁጥር አለች፤ አንድ።

«ማን ላከህ?» አለችው።

እስከዚያን ቀን እርስዎ ነበር የምትለው። አንተ ያለችው ያኔ ነው፤ በፍቅር ሳይሆን በንዴት።

«ማንም አልላከኝም። ሻይ ልጠጣ ነው የገባሁት።»

«ለንደን ውስጥ ሻይ ያለው እዚህ ብቻ ነው?»

«ጠረጴዛ ተሳስቼ የተቆጡኝ እዚህ ብቻ ነው።»

«አትቀልድብኝ! አባቴን የያዘው መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፣ አይደለም? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን አይደለም» አለ ዊልፍሬድ ቀስ ብሎ። «ስሙን ያየሁት በኋላ ነው። እኔ ጽሑፍ የምገለብጥ ሰው ነኝ፣ የሚቀርብልኝን መገልበጥ ብቻ።»

«ይቺ አንድ አባቴ ናት?»

ዊልፍሬድ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ አጠፈው። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ሄደ።

«ልነግርሽ አልችልም፤ ምስጢር ላለማውጣት ፈርሜያለሁ» አለ።

ስኳሩን እንደ ልማዱ ሳህኑ ሥር ትቶ ወጣ። ኔላ አንሥታ ልትደፋው አሰበች፣ እጇ እምቢ አላት።

ዶሚኒካ ነገሩን ስትሰማ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ሰላይ ነው። ነገ ቢመጣ በሩን ዝጊበት!»

«አልዘጋበትም እማዬ። እሱ እኛን ከሰለለ እኔ ደግሞ እሱን እሰልለዋለሁ። ከአባዬ ጉዳይ የሚያውቀውን አንድ በአንድ አወጣዋለሁ።»

«አንቺ?» አለች እናቷ ከእግር እስከ ራሷ እያየቻት። «ስሙ ሲነሣ ጆሮሽ እየቀላ?»

ኔላ ጆሮዋን በእጇ ሸፈነችው።

እንዲህ ነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው መውጣት የጀመሩት። ፓርላማው አጠገብ ያለው መናፈሻ የብረት አጥሩ ተነቅሎ ለጦር መሣሪያ ስለቀለጠ በፈለጉበት በኩል ይገባሉ። ኔላ እያዋዛች ትጠይቃለች፣ ዊልፍሬድ እያዋዛ ያመልጣል። ስለ እናቱ ነገራት፤ ብቻዋን እንዳሳደገችው፣ ዐይኑን ይሻለዋል ብላ በየቀኑ ካሮት እንደምታስበላው። ኔላ ትስቅና ሳቋ መሀል ላይ ለምን እንደመጣች ታስታውሳለች። ያኔ ሳቋን ታቋርጣለች። እሱም ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ኩሬው ላይ ያሉትን ዳክዬዎች ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ዊልፍሬድ ዐይኑን ከኩሬው ሳያነሣ ጠየቃት።

«አብረሽኝ የምትመጪው ለአባትሽ ብለሽ ነው?»

«አንተስ የምትመጣው ለአለቃህ ብለህ ነው?»

«እኔ ቀድሜ ጠየቅሁ።»

«በመጀመሪያው ቅዳሜ ለአባቴ ብዬ ነበር» አለች ኔላ። እውነቱን በመናገሯ ራሷም ደነገጠች። «አሁን አላውቅም። አንተን ማመን እፈልጋለሁ፣ ያቅተኛል። ማታ ስተኛ የተናገርከውን ሁሉ እደጋግምና ውስጡ ተንኮል እፈልጋለሁ።»

«ታገኛለሽ?»

«አላገኝም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

እጇን ያዘ። ኔላም አልነጠቀችውም። ያኔ ዊልፍሬድ ያንን ነገር ተናገረ።

«ኔላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ቁጥር ሲጽፍ እንዳንቺ ነው የሚጽፈው? አንድን ቆብ ያደርግለታል?»

ኔላ እጇን መነጨቀች።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው።»

«የአባቴን የእጅ ጽሕፈት! እጄን ይዘህ!» ብድግ አለች። «እኔ ደግሞ አሁን ልቤ ሊያምንህ… ሌላ ወረቀት አግኝታችሁ የእሱ ነው ልትሉ ነው፣ አይደል? ሂድና ለላከህ ንገረው፤ ካርፓኒኒዎች መጻፍ አያውቁም በለው!»

«ኔላ፣ አስቢበት እንጂ…»

«ሁለተኛ ሻይ ቤታችን እንዳትመጣ!»

እያለቀሰች ሄደች። ዊልፍሬድም ከዚያን ቀን በኋላ አልመጣም። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀመጡ፤ ኔላ በልታችሁ ቶሎ ውጡ ልትላቸው ምንም አልቀራትም።

አራት ቀን ቆይታ ነው ለእናቷ የነገረቻት። ዶሚኒካ ድንች እየላጠች ሰማቻትና ቢላዋውን አቆመች።

«ስለ ቁጥር ብቻ ነው የጠየቀሽ? ስለ ሰው አልጠየቀም? ማን ከማን ጋር ይሄድ ነበር አላለም?»

«ስለ አንድ ቁጥር ብቻ።»

«እንዲህ ያለ ሰላይ አይቼ አላውቅም» አለች እናቷ።

ኔላ በዚያው ደፈረችና ለወራት የዋጠችውን አወጣችው።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ እስከ ሠላሳ ሰባት እዚያ ክበብ ነበር? ቀለበትሽን ሰጥተሻቸዋል?»

ዶሚኒካ አልተቆጣችም። ተነሥታ የጨው ዕቃውን አወረደች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች፣ ቀለበቷን አወጣችው። ጨው እያራገፈች ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሴቶቹ ሁሉ ሲሰለፉ እኔ አልሰለፍም ብል ማን ዳቦ ይገዛኝ ነበር? ጠፋብኝ አልኩ። ላንቺም ዋሸሁ፤ ልጅ ነሽ፣ አፍሽ አያርፍም ብዬ። አባትሽ የወጣው በሠላሳ አንድ ነው። የስንብት ደብዳቤውን እዚቹ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፍ ቀኑን የነገርኩት እኔ ነኝ። ያንቺ የመጀመሪያ ቁርባን ሳምንት ነበር። ሃያ፣ አምስት፣ ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈ።»

ኔላ የደንበኛ ቁራጭ ወረቀት ሳበችና ጻፈችው፤ ሃያ፣ አምስት፣ ሠላሳ አንድ። በአባቷ አጻጻፍ፣ የመጨረሻዋን አንድ ቆብ አድርጋላት። ከዚያ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ያዘችና ጠረጴዛ ተሳስቶ በሁለት ወፋፍራም ሴቶች መሀል እንደተቀመጠ እንግሊዛዊ አነበበችው።

ሃያ፣ አምስት፣ ሠላሳ ሰባት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። መንግሥትም የስንብት ደብዳቤውን ያነበበው እንዲህ ነው። ዊልፍሬድ ሲጠይቃት እየነገራት ነበር። አልናገርም ብሎ የፈረመ ሰው ሊሰጣት የሚችለውን ብቸኛ ነገር ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ደግሞ ፊቱ ላይ ወረወረችበት።

በማግሥቱ የአባቷን ሁለት አሮጌ የትእዛዝ ደብተሮች በክንዷ አቅፋ የሰፈራቸው ተወካይ ወደሆነው የምክር ቤት አባል ወደ ሚስተር ፔል ሄደች። ሚስተር ፔል ሰባ ዓመት የሞላው፣ በግራ ጆሮው የማይሰማ፣ በቀኙም ደስ ያለውን ብቻ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ደብተሮቹን አገላብጦ ሁሉንም አያቸው፤ ባለ ቆቦቹን አንዶች፣ ባለ መቀነቶቹን ሰባቶች።

«ሚኒስትሩ እምቢ ያለው ያንቺን አባት እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም፤ ጠረጠርኩ እንጂ።»

«ቀኑ እንደተሳሳተስ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሻይ የሚጠጣ ሰው፤ የራሱን ስኳር ይዞ የሚመጣ።»

ሽማግሌው አያትና ፈገግ አለ።

«እንግዲህ እኔም ልጠይቅ» አለ። «ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።»

ጥያቄው በሚቀርብበት ቀን ኔላ ምክር ቤቱ ሰገነት ላይ እጇን አጣብቃ ተቀመጠች። ሚስተር ፔል ተራው ሲደርስ ተነሣ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ባለፈው ወር ሪፖርት ሚኒስትሩ የኮሚቴውን ምክር ያልተቀበለበት ጉዳይ አንድ ነው ይላል። ለመሆኑ ይህ አንድ እውነት አንድ ነው? ወይስ ሰባት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና አንዱን ደብተር ከፍ አድርጎ ያዘ።

«የተከበራችሁ አባላት ለምን ሳቃችሁ? ይህ የአንድ ጣልያን ሻይ ቤት ደብተር ነው። ይህች ሰባት የምትመስላችሁ አንድ ናት። በእስረኞች መዝገብ ውስጥ እንዲህ ተብላ የተጻፈች ቀን ካለች እንዴት ተብላ ተነበበች? ሰውን ያለ ፍርድ የማሰር ሥልጣን የሰጠነው በዚህ ምክር ቤት ነው። ስም እንዳይነገረን ተስማምተናል፣ መልካም። ቁጥሩን ግን ማንበብ የሚችል ሰው ይመደብልን!»

አሁን የሳቀ የለም። ከመንግሥት ወንበር አንድ ሹም ተነሥቶ አጠገቡ ካሉት ጋር ተንሾካሾከና «ጉዳዩ እንደገና ይታያል» ብሎ ተቀመጠ። በሌላ ቀን ቢሆን ኔላ ሦስቱን ቃላት መቶ ጊዜ ትጠረጥራቸው ነበር። ያን ቀን ግን የምታስበው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ይህንን ደብተር ማን አስመጣ ብለው ሲፈልጉ ማንን እንደሚያገኙ ገብቷታል።

ኤርኔስቶ በሐምሌ መጣ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ ጸጉሩ ነጥቷል። በሩ ላይ ቆሞ አረንጓዴውን ቀለም አየና «ስሜን በልታችሁት የለም እንዴ?» አለ። ዶሚኒካ ቀለበት ባለበት እጇ ፊቱን ዳሰሰችው፣ ከዚያ ሦስቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ደስታቸው ቤቱን ሞላው። ኔላ ግን በደስታዋ መሀል በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

አንድ ቀን አላስችል ብሏት መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ሄደች።

«ታፕሊን?» አለ ዘበኛው። «እዚህ የለም። ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

ያባረርኩት እኔ ነኝ አትለው ነገር፤ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በነሐሴ ፖስት ካርድ መጣ። «ቅዳሜ ለአንድ ቀን ለንደን እመጣለሁ። ዩስተን ባቡር ጣቢያ፣ ከትልቁ ሰዓት ሥር እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽም አልቀየምም። ዊልፍሬድ።» ሰዓቱን የጻፈው በአንዲት ቁጥር ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ኔላ ካርዱን አሥር ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ አባቷ ከትከሻዋ በላይ አየ።

«በአንድ ሰዓት ነው የሚልሽ» አለ። «ቆብ አለው፣ መቀነት የለውም።»

«አባዬ፣ የጻፈው እኮ እንግሊዛዊ ነው። እነሱ ሰባትን እንዲህ ነው የሚጽፏት።»

«አንድ ነው እላለሁ!»

«በአንድ ሰዓት ምሳ እንደምናበላ ያውቃል። ሥራ ጥለሽ ነይ አይለኝም። ሰባት ነው።»

«እሺ» አለ ኤርኔስቶ እጁን አንሥቶ። «በዚህ ነገር ከመንግሥት ጋር ተከራክሬ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ። ካንቺ ጋር አልከራከርም።»

ቅዳሜ ምሽት በሰባት ሰዓት፣ በዚያ አገር ነሐሴ በጋ ነውና ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ኔላ ዩስተን ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነው የመጣችው። ባይመጣስ? ሊሰድበኝ ቢሆንስ? ጣቢያው በወታደርና በሻንጣ ተሞልቷል። ከሰዓቱ ሥር አግዳሚው ላይ ዊልፍሬድ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ እንቅልፍ ይዞታል። አጠገቡ የቀዘቀዘ ሻይ አለ፣ ሻዩ አጠገብ በወረቀት የተጠቀለለች ስኳር።

«ዊልፍሬድ!»

ባነነ። አያት፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አያት።

«አሁን መድረስህ ነው?» አለችው።

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

«ከአንድ? ካርዱ እኮ ሰባት ነው የሚለው!»

«አንድ ነው» አለ። «ቆብ አድርጌላታለሁ። እንዳንቺ አድርጌ ለመጻፍ ስንት ወረቀት አበላሽቻለሁ።»

ኔላ አፏን ያዘች። ሳቅና እንባ አብረው መጡባት።

«እኔ ደግሞ እንዳንተ አነበብኩት!» አለች። «ስድስት ሰዓት ሙሉ! ለምን አልሄድክም?»

«አንድ ሲያልፍ አልመጣችም፣ አልታረቀችኝም አልኩ። ሁለት ሲሆን ልሄድ ተነሣሁ። ከዚያ ያ ሰባተኛው ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። ወይ ጠልታኛለች፣ ወይ ሰባት ብላ አንብባዋለች፤ ታዲያ ሰባት ሳይሞላ ልጠረጥራት መብት የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ።»

ኔላ አጠገቡ ዘፍ አለች። እሷ ስኳሩን ሳይቀር ስትጠረጥር ከርማለች።

«እኔ አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠበቅሁህም» አለች። «መናፈሻው ውስጥ አስቢበት ስትለኝ።»

«መጀመሪያ ለአለቃዬ ነግሬው ነበር። ሥራህ መገልበጥ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው አንቺን የጠየቅሁሽ።»

«በኋላስ ምን አደረጉህ?»

«ነገርካት ወይ አሉኝ። አልነገርኳትም፣ ጠየቅኳት አልኩ። ጥያቄ መጠየቅ የፓርላማ ሥራ ነው፣ ያንተ አይደለም ብለው አስወጡኝ። አሁን ክሩ በሚባል ከተማ ባቡር ላይ ዕቃ እጭናለሁ።» የቀኝ እጁን ዘረጋ። ቀለሙ ከጣቱ ለቋል፣ በምትኩ ጠባሳ አለ። «ባቡሬ በስምንት ሰዓት ይሄዳል።»

«እንግዲህ አንድ ሰዓት አለን» አለች ኔላ።

«አንድ ነው ሰባት?»

ትከሻውን በጡጫ መታችውና እዚያው ትከሻው ላይ ራሷን ጣል አደረገች። ወታደሮቹ እያዩ ያፏጫሉ፤ ያፏጩ። እወድሃለሁ ያለችው ያኔ ነው፣ ጮክ ብላ፣ ፉጨቱን አልፎ እንዲሰማው። እሱም መለሰላት።

ባቡሩ ሊሄድ ሲል ኔላ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣችና እርሳሱን ከደረት ኪሱ መዘዘች። ያቺን ቁጥር ወገቧ ላይ ሰመረችባት፤ መቀነት አስታጠቀቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አሁን በእኔም በአንተም ሰባት ነች» አለች። «በሚመጣው ቅዳሜ በሰባት ሰዓት እዚሁ እመጣለሁ። ብትዘገይ እጠብቅሃለሁ።»

በተከታዩ ቅዳሜ ባቡሩ ስለተበላሸ ዊልፍሬድ የደረሰው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ኔላ ከሰዓቱ ሥር ተቀምጣ፣ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ፣ እየጠበቀችው ነበር።